ሲስተም የለም፦ ባለቤቱ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ጭሮ ሄጄ ነበር። እናቴ ገበያ ውስጥ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። በሄድኩ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ከሂርና በኩል ድንች የጫነ አይሱዙ ገባ። ባለ ጭነቱ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ካልያዘ አንድ ኩንታል አያወርድም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከዚህ በፊት በስልክ ተላከልህ ተብሎ ሳይደርሰው የቀረ ገንዘብ አለ። እናቴ የቁጠባ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ባንክ ሄደች። 3 ሰዓት ሳይሞላ ወረፋ ያዝን። ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል፦

«እማማ፣ ሲስተም የለም» አለች።

እናቴ «የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ ሳቀች። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «መቼ ይመጣል ታዲያ?» አለች።

«እሱን እኛ አናውቅም እማማ። ከላይ ነው።»

እስከ 7 ሰዓት ጠበቅን። አይሱዙው ጭነቱን ለሌላ ነጋዴ አራግፎ ወጣ። እናቴ ያን ሳምንት ከሌላ ነጋዴ እየተቀበለች፣ በኩንታል ላይ የማይረባ ትርፍ እያገኘች ሸጠች። ማታ እራት ላይ ነገሩን አልረሳችውም። «የት ሄደ ማለቴ ምኑ ነው ያሳቃችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለኝ፣ ቀን ከሌሊት ሲስተም የሚባል ነገር ስገነባ ነው የምውለው፤ ግን መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የምተቸው ባንኩን አይደለም። የምተቸው ዓረፍተ ነገሩን ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሲስተም የለም»። በዚህ መጽሔት ላይ ግጥም ይተቻል፣ ልቦለድ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል። ይሄ ዓረፍተ ነገር ግን ከብዙ ልቦለዶች በላይ በሕይወታችን ውስጥ ይነበባል፣ ይደመጣል። ደራሲም አለው። ወደ ደራሲው እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ቃሉን እንየው።

* * *

ሲስተም የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ከግሪክ ነው ያመጣው። በግሪኩ «አንድ ላይ የቆመ» እንደማለት ነው። ብዙ ነገር ተጋጥሞ፣ ተያይዞ፣ እንደ አንድ ሲቆም ሲስተም ይባላል። እንግሊዝኛ ቃሉን ለፀሐይና ለፕላኔቶቿ፣ ለምግብ መፍጫ፣ ለመንግሥት፣ ለኮምፒውተር ይጠቀምበታል። በሁሉም ውስጥ የጋራ የሆነው ነገር ክፍሎች መኖራቸው ነው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሲስተም የለም።

እኛ ጋ ሲመጣ ቃሉ ሌላ ኑሮ ጀመረ። ጭሮ ላይ አንድ ቀን ጆሮዬን ከፍቼ ብውል የምሰማው ቢያንስ አምስት ዓይነት ሲስተም ነው።

አንደኛው እናቴ ያጋጠማት ነው፤ የቢሮና የባንክ ሲስተም። ይሄኛው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይጠፋል። ድሮ መስኮት ውስጥ ብቻ ነበር የሚኖረው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ከታዘዘ ወዲህ ግን መንገድ ላይ ወጥቷል። የባጃጅ ሹፌር ቤንዚን ሊቀዳ ተሰልፎ ሳለ ከፊት ያለው ዞር ብሎ «አቦ፣ ሲስተም የለም ተመለስ» ይለዋል። ቤንዚኑ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ሰውየው አለ። ሲስተም የለም።

ሁለተኛው «ሲስተም ላይ የለህም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሲስተሙ አለ፤ የሌለኸው አንተ ነህ። ተመዝግበህ ይሆናል፣ ከፍለህ ይሆናል፣ ወረቀቱም በእጅህ ይሆናል። መዝገቡ ግን አያውቅህም።

ሦስተኛው «ሲስተሙ አይቀበልም» ነው። እዚህ ደግሞ ሲስተሙ ሰው ይሆናል፤ የሚቀበል፣ የማይቀበል፣ እምቢ የሚል ሽማግሌ። ስምህ በደብተሩ ላይ በአንድ ፊደል ከተለየ አይቀበልህም። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሙሐመድ የሚለውን ስም አንዱ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመዘግበዋል፣ ሌላው በቁቤ አናባቢውን ደርቦ ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው በአማርኛ በ«መሐመድ» ይተካዋል። ሰውየው አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ሰው ነው።

አራተኛው የወጣቱ ነው፤ «በሲስተም»። «በጉልበት አይሆንም፣ በሲስተም ያዘው።» «በሲስተም ንገራት።» እዚህ ሲስተም ማለት ብልሃት ነው፣ መላ ነው፣ ሰው ሳይነቃ ነገርን ማስኬድ ነው።

አምስተኛው «ሲስተሙ ነው» የሚለው ነው። በርጫ ላይ የተጀመረ ወሬ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሥራ ያጣው ለምን አጣ? ሲስተሙ ነው። ዋጋ ለምን ናረ? ሲስተሙ ነው። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ሲስተሙን የሚጠራው የለማ።

ከአምስቱ ውስጥ ባለቤት ያለው አራተኛው ብቻ መሆኑን አስተውሉ። «በሲስተም ያዝኩት» የሚል ልጅ ሲስተሙ የራሱ ነው፤ ቢከሽፍበት የሚያፍረው እሱ ነው። ቃሉን መንገድ ላይ ያገኙት ልጆች ባለቤት ሰጡት። ቢሮ የገባው ግን ባለቤቱን አጣ።

አማርኛ ሰዋስው ዓረፍተ ነገርን ሲፈታ ድርጊቱን የፈጸመውን «ባለቤት» ይለዋል። ሌላው ቋንቋ ለዚህ የሚጠቀምበትን ቃል አላውቅም እንጂ የኛው ግሩም ነው፤ የቤቱ ጌታ፣ የነገሩ ጌታ እንደማለት። «ልጁ ብርጭቆውን ሰበረ» ስንል ባለቤቱ ልጁ ነው። «ብርጭቆው ተሰበረ» ስንል ልጁ አመለጠ። «ብርጭቆ የለም» ስንል ደግሞ ብርጭቆውም፣ ልጁም፣ መስበሩም አንድ ላይ ጠፉ። «ሲስተም የለም» የዚህ የሦስተኛው ቤተሰብ ነው።

የቤተሰቡ አባላት ብዙ ናቸው፤ መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ኔትወርክ የለም። መብራትን «ሄደ»፣ «መጣ» እንላለን፤ እንደ እንግዳ። ማንም አልላከውም፣ ማንም አላስቀረውም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ እንኳ አብዛኛው ሰው የሚለው «ኔትወርክ የለም» ነበር። የተቋረጠውም የተበላሸውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። እንግሊዝኛው ቢያንስ «ሲስተሙ ዳውን ነው» ይላል፤ ወድቋል ማለት ነው። የወደቀ ነገር አለ፤ ማን ጣለው፣ ማን ያነሳዋል ተብሎ ይጠየቅለታል። የሌለን ነገር ግን ማንም አያነሳውም።

* * *

አሁን በሙያዬ ልናገር። እናቴ «የት ሄደ?» ስትል ትክክለኛ መልስ ነበረው። ያውም ብዙ።

አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ እንዲከፍል መብራት ወይም ጄነሬተር መኖር አለበት። ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው የመረጃ ማዕከል የሚወስደው መስመር መኖር አለበት፤ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ገመዱን ከቆረጠው አለቀ። ማዕከሉ ውስጥ ሒሳብ የሚይዘው ሶፍትዌር መነሳት አለበት። ያ ሶፍትዌር የሚጠይቀው ዳታቤዝ በጊዜ መመለስ አለበት። ሠራተኛዋ በራሷ የይለፍ ቃል መግባት አለባት። የደንበኛው ስምና ቁጥር መገጣጠም አለበት። በመጨረሻም ካዝናው ውስጥ ብር መኖር አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መስኮቱ ላይ የሚደርሰው ድምፅ አንድ ነው። የመጨረሻው እንኳ፣ የብሩ ማለቅ፣ በዚሁ ስም ይሸፈናል ብለው የሚጠረጥሩ ሰዎች ሞልተዋል። መጠርጠራቸው አይፈረድባቸውም፤ አንድ ቃል ለሰባት ነገር ሲያገለግል ስምንተኛው ነገር ተደብቆበታል ብሎ ማሰብ ጤነኝነት ነው።

የሚገርመው ማሽኑ ራሱ እንዲህ አይናገርም። ዌብ ላይ የሚነጋገሩ ኮምፒውተሮች ሲሳናቸው ባለ 3 አሃዝ ቁጥር ይላላካሉ። 404 የምታውቁት ነው፤ የጠየቅከውን ነገር እዚህ አላገኘሁትም ማለት ነው። 403፦ ገብቶኛል፣ ለአንተ ግን አልተፈቀደም። 500፦ እኔው ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። 503፦ አሁን ማስተናገድ አልቻልኩም፣ ቆይተህ ተመለስ። 504፦ እኔ አለሁ፤ ከኋላዬ ያለውን ጠይቄው በጊዜ አልመለሰልኝም።

በ4 የሚጀምሩት ስህተቱ ከጠያቂው በኩል ነው ይላሉ። በ5 የሚጀምሩት ስህተቱ ከመላሹ በኩል ነው ይላሉ። ይሄንን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የለዩት ነገር ጥፋቱ በማን በኩል ነው የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ 500 ብሎ የመለሰ ሰርቨር «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሏል። ያንን ኑዛዜ እኛ ሰዎቹ እንቀበለውና ወደ «ሲስተም የለም» እንተረጉመዋለን። ማሽኑ የነገረንን እውነት የምንደብቀው እኛ ነን።

ከተማዬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር አለፍ ብለህ የምታገኛት ከተማ ሁለት ስም አላት። የድሮ ሰነድ ላይ አሰበ ተፈሪ፣ የአሁኑ ላይ ጭሮ። የአድራሻ ዝርዝር ያዘጋጀ ሶፍትዌር ሠሪ ይሄንን ካላወቀ ሁለት ከተማ ይመዘግባል። የ60 ዓመት ሰው የትውልድ ቦታው አንድ፣ የመኖሪያ ቦታው ሌላ ይሆናል፤ ከቀበሌው ወጥቶ ሳያድር። ከዚያ «ሲስተሙ አይቀበልም» ይባላል። አልተቀበለውም የተባለው ሲስተም ግን ከመሥራቱ በፊት ጠይቆ ያላጣራ አንድ ልጅ ነው። የኔ ቢጤ።

የድሮው ስም ራሱ ሰዋስው ያስተምራል። አሰበ። ማን? ተፈሪ። ግስ አለው፣ ባለቤት አለው። ስሙን የሚወድም የሚጠላም ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

* * *

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «መፍትሔው እኮ ቀላል ነው፣ አማርኛውን ተጠቀሙ» ሊለኝ ይችላል። አማርኛው አለ፤ ሥርዓት። ግዕዙ «ሠርዐ» ደረደረ፣ አዘጋጀ፣ ደነገገ ነው። ሲስተም የሚለውን ሐሳብ ለመሸከም አቅም አንሶትም አያውቅም፤ ሥርዓተ ፀሐይ፣ ሥርዓተ ምህዳር፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥርዓተ መንግሥት እንላለን፣ እንግባባለን።

እስቲ ታዲያ ባንኩ መስኮት ላይ እናስቀምጠው። «እማማ፣ ሥርዓት የለም።»

አይሆንም፣ አይደል? ልጅቷ እንዲህ ብትል በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ማብራሪያ ትጽፋለች። «ሥርዓት የለም» ክስ ነው። «ሥርዓት የለውም» የሚባለው ያልተቀጣ ሰው ነው። «ሥርዓት ያዝ!» የሚለው ትእዛዝ አድራሻ አለው፤ የሚባለው ሰው ፊት ለፊት ቆሟል። «ሲስተም ያዝ!» የሚል ግን የለም። ሥርዓት ሁልጊዜ ሰው ይጠራል፤ ያወጣው፣ የሚጠብቀው፣ ያፈረሰው ሰው አለ።

1966 ዓ.ም. ላይ ተማሪው የተነሳበት ቃል «ሥርዓት» ነበር፤ የፊውዳሉ ሥርዓት፣ የዘውዱ ሥርዓት። ያንን ቃል የያዘ ሰልፈኛ ማንን እንደሚያወርድ ያውቅ ነበር። «ሥርዓቱ ወደቀ» ሲባል መጽሐፍ ይጻፍበታል፤ «ሲስተሙ ወደቀ» ሲባል «ነገ ተመለሱ» ይባላል። ግሱ አንድ ነው።

ጭሮ ላለ ሰው ደግሞ ሥርዓት ሩቅ ነገር አይደለም። ከተማዋ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ በኦዳ ቡልቱም ነው የተሰየመው። ኦዳ ቡልቱም በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ የኢቱ ኦሮሞ ከጥንት ጀምሮ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ የገዳ ሥርዓት የሚከናወንበት ቦታ ነው። ገዳን በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው የተጠቀመው የእንግሊዝኛ ቃል «ሲስተም» ነው። ገዳ ሲስተም። በዚህ ሲስተም ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ተረኛው ይታወቃል፣ ተራው መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል፣ የሚጠየቅበት ቦታ ይታወቃል፤ ዛፉ ሥር። «ከላይ ነው፣ እኛ አናውቅም» የሚል መልስ እዚያ ዛፍ ሥር አያዋጣም። ስለዚህ «ሲስተም» የሚለው ቃል ባለቤት ያለውን ነገር መሸከም ይችላል። ችግሩ ባዕድነቱ አይደለም፤ ባንክ ውስጥ የተሰጠው ሥራ ነው። በአፋን ኦሮሞ ለሚስተናገድ ሰውም ነገሩ አይለወጥም፤ «ሲስተም» እንዳለ ይቀራል፣ «ሂን ጂሩ» ይከተለዋል።

ሥራው ደግሞ አዲስ አይደለም። ከሲስተም በፊት ያንን ወንበር የያዘው «ኃላፊው የሉም» ነበር። ፈራሚው ወጥተዋል፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ለሥልጠና ሄደዋል። ፋይሉ አልተገኘም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት። አባቶቻችን በዚህ ቋንቋ ነው የተንገላቱት። ግን አንድ ልዩነት አለ። ኃላፊው የሉም ሲባል የሌለው ሰው ነው። ሰው ከምሳ ይመለሳል። በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ይቻላል፣ ዘመድ ፈልጎ ቤቱ ድረስ መሄድ ይቻላል፣ ስሙን ይዞ ወደ በላይ መክሰስ ይቻላል። እናቴ «የት ሄደ? መቼ ይመጣል?» ያለችው ለዚህ ነው። እሷ ያደገችው የሚጠፋው ሰው በሆነበት ዘመን ነው። ቀልድ መስሎን የሳቅነው እኛ፣ ሰው ከዓረፍተ ነገሩ መውጣቱን ሳናስተውል ቀርተን ነው።

* * *

ባለቤት ከዓረፍተ ነገሩ ቢወጣ ምን ይደርሳል? ቃል ብቻ አይደለም ወይ? አይደለም። አንድ ሌሊት ላስታውሳችሁ።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰራጨ፣ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ወጣ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ ተናገረ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ አሉ። ብዙዎች መለሱ። ባንኩ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ።

የራስ ያልሆነ ገንዘብ መውሰድ ጥፋት ነው፤ ይሄን ለማለባበስ አይደለም የጻፍኩት። ዓረፍተ ነገሩን ግን ተመልከቱ። ሲስተሙ ለደንበኛው ሳይከፍል ሲቀር ስም የለም፤ «ሲስተም የለም» ብቻ። ሲስተሙ ከልክ በላይ ሲከፍል ግን ወዲያው ስም ተገኘ፣ ፎቶ ተገኘ። በአንድ ቋንቋ ውስጥ የደንበኛው ስህተት ባለቤት ሲኖረው የተቋሙ ስህተት ባለቤት የለውም። ይሄ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

በሌላው ዓለም የከፋ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል፣ ፉጂትሱ የሠራው የሒሳብ ሶፍትዌር ነበረው። ሶፍትዌሩ ከቅርንጫፎች ገንዘብ ጎደለ ሲል ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ የሚሆኑት በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ብዙዎቹ ምንም አልሰረቁም፤ የተሳሳተው ሶፍትዌሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሰረዘ። እዚያ ያለው ዓረፍተ ነገር «ሲስተም የለም» ሳይሆን «ሲስተሙ አይሳሳትም» ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው ሲስተምን እንደ ዝናብ ያየዋል፣ ሁለተኛው እንደ እግዜር። በሁለቱም ውስጥ የሠራው ሰው አይታይም።

* * *

ወደ ደራሲው እመጣበታለሁ ብዬ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የክፍያ መተግበሪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ክፍያ የሚከሽፍባቸው 17 መንገዶች ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ኮድ ሰጥቼዋለሁ። ደንበኛው ምን ይነበብለት ሲባል ዓርብ ማታ ነበር፣ ሰኞ ይለቀቃል፣ ደክሞኛል። አለቃዬም «ደንበኛውን አታስፈራራው» ብሎኛል። 17ቱንም በአንድ መስመር ጠቅልዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሲስተም ችግር አጋጥሟል። እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ።»

አጋጥሟል። ማንን? ማን? እንደ አደጋ፣ እንደ ጅብ መንገድ ላይ።

ይሄንን ያስታወስኩት ጭሮ፣ እራት ላይ ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ያነበበችው ነገር ምናልባት የኔን የመሰለ መስመር ነበር። የሚያስገባትን ማያ ላይ ያየችውን ነው ለእናቴ በአማርኛ ያሳጠረችላት። ከዚያ በላይ የምታውቀው ነገር እንዲኖራት ያደረገ ሰው የለም። እሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠችው እሷ ናትና። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍነው ግን ፎቅ ላይ የተቀመጥነው ነን። «ከላይ ነው» ስትል ትክክል ነበረች።

አዲስ አበባ ስመለስ፣ አሁን ባለሁበት ሥራ ላይ፣ እነዚህን መልእክቶች እንቀይር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የተቃወመኝ ጓደኛዬ ሞኝ አይደለም። «ውስጣችንን ዘርዝረን ከነገርን ለሰርጎ ገብ በር እንከፍታለን» አለ። እውነት ነው፤ የዳታቤዙን ስም ለደንበኛ መንገር አይገባም። እናቴ ግን የዳታቤዙን ስም አልጠየቀችም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ የት ሄደ፣ መቼ ይመጣል። በኛ ቋንቋ ሲመለስ ሦስት መስመር ነው፤ ችግሩ በኛ በኩል ነው ወይስ በእርስዎ፣ ገንዘብዎ አልተነካም ወይስ ተንጠልጥሏል፣ አሁን ምን ያድርጉ። ይሄንን ለመናገር አንድም ምሥጢር አይወጣም።

ብዙ ተከራክረን ከነበሩት መልእክቶች ውስጥ የተቀየሩት ሁለት ናቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ክፍያውን ማጠናቀቅ አልቻልንም። ችግሩ በእኛ በኩል ነው። ከሒሳብዎ የተቀነሰ ገንዘብ የለም።» በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ማጠናቀቅ አልተቻለም» ተብሎ ነበር። «አልቻልንም» እስኪሆን ሁለት ስብሰባ ወሰደ። ክርክሩ ሁሉ በመጨረሻዋ «ን» ላይ ነበር። እኛ ነን ማለት እንደዚያ ይከብዳል። የቀሩት መልእክቶች እስከዛሬ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ የኔዋ የዓርብ ማታዋ መስመርም፣ እኔ በለቀቅኩት ድርጅት ውስጥ፣ አሁንም ለሰው እየታየች ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። ከሰላምታና ከድንች ዋጋ በኋላ «ትናንትም ሲስተም የለም አሉኝ» አለች።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ከሲስተሙ የሌለው የቱ ነው አልኳት። ልጅቷ ግራ ገባት፤ ከዚያ ተነስታ ውስጥ ገብታ ጠይቃ መጣች። መብራት ነው እማማ፣ ለጄነሬተሩ ናፍጣ ልከናል፣ ከ9 ሰዓት በፊት አይነሳም አለችኝ። እኔም ሄጄ ሽንኩርቴን ሸጬ በ9 ሰዓት ተመለስኩ። ወሰድኩ።»

«አሪፍ ነው» አልኳት።

«ስሟንም ጠየቅኋት» አለች እናቴ። «ጎበዝ ልጅ ናት።»